የራሄልን በር ያንኳኳው ማን ነው?

ከአንኮበር ልወጣ ያለሁ ዕለት ምሽት ቤታችን በሰው ጢም ብሎ ነበር። ዲቪ የደረሰው ሰው ቤት ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ነው፤ የሚስቀውና የሚያለቅሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። አንዷ ጎረቤታችን ለልጇ ስልክ፣ ሌላዋ ለወገቧ የሚቀባ መድኃኒት፣ አንድ አጎቴ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ መኪና እንድልክ አዘዙኝ። እኔም ለሁሉም እሺ አልኩ። ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው እሺ ማለት ምን ይከብደዋል?

አባቴ ብቻ ምንም ሳያዝ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰዉ እየቀነሰ ሲሄድ በጣቱ ጠቀሰኝ። ጎንበስ አልኩለት።

"እኔ ጫማም ገንዘብም ላኪ አልልሽም" አለኝ። "የምትሄጂው ራሄል አገር ነው። በሯን ያንኳኳው ማን እንደሆነ እወቂልኝ።"

ታናሽ እህቴ ወይንሸት ሰምታ ኖሮ "የሰው አባት ልጁ አሜሪካ ስትሄድ ይመርቃል፣ የኛው የቤት ሥራ ይሰጣል!" ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። አባቴም ሳቀ፤ ትእዛዙን ግን አላነሣም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። አገሩ መምህር ከማለት በቀር ስሙን አይጠራውም። ገና ወጣት ሳለ አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። ሽፋን ስላልነበረው ርዕሱንም የደራሲውንም ስም እስከ ዛሬ አናውቅም። መጨረሻውም የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀድዳ በርበሬ ጠቅልላባቸዋለች። አባቴ ይቅር ያላት ከሞተች በኋላ ነው፤ እሱንም በግማሽ ልቡ።

መጽሐፉ የድሮውን አሜሪካ፣ ሰዉ በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ ይፈልስ የነበረበትን ዘመን የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ክረምት ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያግደን አባቴ እንግሊዝኛውን በዓይኑ እየተከተለ በአማርኛ ያነብልን ነበር። ባልና ሚስቱ ሳሙኤልና ራሄል ይባላሉ። ፈረንጆቹ ስሞቹን እንዴት እንደሚጠሯቸው እንጃ፤ አባቴ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ እንደምናውቃቸው አድርጎ ስለጠራልን ለእኔና ለወይንሸት ራሄል ከእነዋሪ ያገባች ሴት ትመስለን ነበር። ያላቸውን ሁሉ ጋሪ ላይ ጫኑና ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። አንድ ትልቅ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ሳሙኤል በንዳድ ሞተ። ያን ምሽት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለማታውቀው ፈረንጅ የእውነት እንባ አለቀሰች። ራሄል ብቻዋን ቀጠለች። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ሣሩን ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጠች ቤት ሠራች። ክረምት መጣ፤ የእነሱ ክረምት በረዶ ነው። ጎረቤት የሚባለው በግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። አንድ ምሽት ነፋሱ ሲጮህ የራሄል በር ተንኳኳ። ራሄል ኩራዟን አነሣች።

እዚህ ላይ ያልቃል። የቀረው በርበሬ ሆኗል።

አባቴ ይህን ነገር በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ድርሰት አድርጎ ይሰጣቸው ነበር። አንዱ ያንኳኳው ጅብ ነው ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ ግብር ሰብሳቢ፣ ሌላው ሳሙኤል ከሞት ተነሥቶ፤ አንዲት ልጅ ደግሞ አማቷ ናት ብላ ጻፈች። አባቴ ለአማቷ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ሰጠ እንጂ አንዱንም አላመነም።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የወጣሁት። ሚኒባሱ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ውርጩ የሣሩን ጫፍ አንጥቶት ነበር፤ ሹፌሩ መስተዋቱን በመዳፉ እየጠረገ "አሜሪካ ይበርዳል ይባላል" አለኝ። "ከዚህ ይብሳል እንዴ?" አልኩት በኩራት። የሞኝ ኩራት ነበር።

አሜሪካ ስገባ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ኦፊሰር ሻንጣዬን ከፍቶ ወይንሸት የቋጠረችልኝን በሶ አገኘ።

"ይሄ ፓውደር ምንድነው?"

"ገብስ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ።"

"ለምን የሚሆን?"

"ለመንገድ ስንቅ።"

"ደርሰሻል እኮ" አለኝ።

አሸተተውና ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው አሽትቶ ሌላ ጠራ። ሦስቱም ተያይተው መለሱልኝ። አገር ቤት ቢሆን ሦስት ሰው ካሸተተው አንዱ እንኳ ሳይቀምሰው አይቀርም ነበር።

ዴንቨር የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነቱ የሚኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ልጆቹን እየቀሰቀስኩ ስንት ጊዜ እተኛለሁ? ዋዮሚንግ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ አውራ ጎዳና ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሞቴል ውስጥ ክፍል የማጽዳት ሥራ አለ ሲሉኝ ሻንጣዬን አንሥቼ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሞቴል ማለት መኪናህን በሩ ላይ አቁመህ የምትተኛበት መንገድ ዳር ማደሪያ ነው።

መንገዱ ላይ በመስኮት አየሁና ክው አልኩ። ዛፍ የለም። ተራራ የለም። ሰው የለም። ሣር ብቻ፣ እሱም በነፋስ ወደ አንድ በኩል የተኛ። አንኮበር ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ አልዩ አምባ አለ፣ ከሱ ወዲያ ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ ሌላ ሰማያዊ ነገር አለ፤ ዓይን የሚያርፍበት አያጣም። እዚህ ግን ዓይን ይሄዳል ይሄዳል፣ ደክሞት ይመለሳል። "ወይ ራሄል፣ ይሄን ነው ያየሽው?" አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልክ የማወራ መስሎት ወደ መስኮቱ ዞረ። ብርዱንም ጥቅምት ላይ ሳቅሁበት፣ ጥር ላይ ግን ዝም አልኩ።

ቤት ያከራየችኝ ሴት ዶና ትባላለች። ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ጥያቄ ነበራት።

"አደጋ ቢደርስብሽ የምንጠራልሽ ሰው ማነው?"

"አባቴ።"

"ስልኩን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ቁጥሩ አላልቅ ሲላት ቀና አለች። "ይሄ የት ነው?"

"አንኮበር።"

"ለመምጣት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?"

"ቪዛ ካገኘ ነው?" አልኳት።

"የኔ ማር፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ቪዛ እስኪያገኝ መጠበቅ አልችልም። ቅርብ ያለ ሰው ስጪኝ።"

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን የኛን ተረት ሳትሰማው ታውቀዋለች ማለት ነው። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ የሚመጣልኝ ሰው አጣሁ። "እንግዲያው አንቺን ጻፊ" አልኳት።

"እኔ እኮ ነኝ የምደውለው!"

"ራስሽ ደውለሽ ራስሽ ታነሺዋለሻ።"

አልሳቀችም። ቦታውን ባዶ ትታው ቁልፉን ሰጠችኝ። እኔ ግን ክፍሉ እስክገባ ድረስ ስስቅ ነበር፤ በሩን ስዘጋ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

አገር ቤት ያላችሁ እንድታውቁት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በስልክ የምንነግራችሁ አሜሪካ ሌላ አገር ነው። እሑድ ጠዋት እኔ እደውላለሁ፤ እዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አባቴ "ደህና ነሽ?" ይለኛል። "ደህና ነኝ፤ አንተስ?" "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ሥራው ደህና ነው፣ ምግቡ ደህና ነው፣ ሰዉ ደህና ነው። ጉንፋን አንቆኝ እንኳ ድምፄን አጥርቼ ነው የምደውለው። እኛ በስልክ ታመን አናውቅም። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጠይቀኛል፦ "ራሄልንስ አገኘሻት?"

መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። አንድ ቀን ግን አንድ እንግዳ አልጋ ሥር መጽሐፍ ረስቶ ሄደ። ሽፋኑ ላይ ፈረስና ጋሪ አለ። ሌሊቱን ሳነብበው ራሄል የለችም። ስለዚህ ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች።

"ርዕሱ ምንድነው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ደራሲው?"

"አላውቅም።"

"ሽፋኑስ ምን ይመስላል?"

"ሽፋን የለውም።"

"እሺ፣ መጨረሻው ላይ ምን ይሆናል?"

"እሱን ነው የምፈልገው" አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና መደርደሪያ አሳየችኝ። አንድ ሙሉ ግድግዳ ነው። ፈረስ፣ ጠመንጃ፣ ጋሪ፣ ባርኔጣ። "መልካም ዕድል" አለችኝ።

ማንበብ ጀመርኩ፤ አንዱን ስጨርስ ሌላውን። እናንተ ሆዬ፣ ነገሩ ከምናውቀው አልራቀብኝም። የድንበር ክርክር፣ የከብት ሌባ፣ የውኃ ጠብ፣ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ደም ሊመልስ ጠመንጃውን ወልውሎ ሲወጣ። ይሄን ሁሉ እኛ አገር ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጣችሁ በነጻ ትሰሙታላችሁ። የከበደኝ ሌላው ነው። ሰው ሲሞትባቸው ቀብረውት በማግስቱ በሬ ጠምደው ይሄዳሉ። ድንኳን የለ፣ ሠልስት የለ፣ አርባ የለ። "አንድ ሰው እንኳ ንፍሮ ቀቅሎ ያቅርብ እንጂ!" ብዬ መጽሐፍ ወርውሬ አውቃለሁ። የሚበሉት ደግሞ ሁልጊዜ ቦሎቄ ነው፤ ያውም ጾም ሳይሆን።

ሳነብ ሳነብ ግን አንድ ነገር አየሁ። እነዚያ ሰዎች ጉድጓዱ ደርቆባቸው፣ ላሟ ሞታባቸው፣ ሕፃኑን ቀብረው ለእናታቸው ሲጽፉ "ሁላችንም ደህና ነን" ነው የሚሉት። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

ያን ጊዜ አብራኝ አንሶላ የምታጥብ ሎርና የምትባል ሴት ነበረች። ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የዚያ አገር ሰዎች ዘር ናት። የምሳ ሰዓት ላይ የያዝኩትን መጽሐፍ አይታ "እዚያ ውስጥ እኛ ሁልጊዜ ከኮረብታው ጀርባ ነን" አለችኝ። ስለ ራሄል ነገርኳት። በሩን ማን እንዳንኳኳ እንደማይታወቅ ስነግራት ለመመለስ ጊዜም አልወሰደባት። "የመሬቱ ባለቤት ነዋ! ሜዳው ላይ ቤት ስትሠራ ማንን ጠየቀች?" አለች። አባቴም፣ እኔም፣ እነዚያ ሁሉ ተማሪዎችም ይሄን አንድ ቀን አላሰብነውም። መሬት ባለቤት እንዳለው የማያውቅ የሸዋ ሰው አይቼ አላውቅም፤ መጽሐፉ ባዶ ሜዳ ሲለን ግን ባዶ ነው ብለን ተቀበልን።

ሎርና ብዙም ሳትቆይ የታመመች እናቷን ልታስታምም ሥራውን ትታ ሄደች። እናቷ ጋ የሚያደርሳት የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ቀናሁባት። እሷ ከሄደች ወዲህ ሥራ ቦታ ከ"ጨርሰሻል?" እና ከ"ጨርሻለሁ" በቀር የተነጋገርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ አገር ቤት መንገዱም ኔትወርኩም የተዘጋበት ጊዜ መጣ። ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም፤ እናንተም ዘመዶቻችሁን ፍለጋ ስልክ ስትቀጠቅጡ ስለነበር ታውቁታላችሁ። ሲከፈት መጀመሪያ የደወለችልኝ ወይንሸት ናት። ከቤት ወጥታ፣ አጥር ሥር ቆማ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ዓይኑ ጠፍቷል እኮ" አለችኝ። "ደብረ ብርሃን ወስጄው ነበር፣ ከእንግዲህ አይመለስም አሉ። ልቡም ደክሟል፤ ተኝቶ ነው የሚውለው።"

"ለምን አትነግሪኝም?"

"እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። እንዳትነግሪው! ስትደውዪ ደህና ነኝ ማለቱ አይቅርበት።"

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አባቴ እንደታመመና መሄድ እንደምፈልግ ነገርኩት።

"ለስንት ቀን?"

"እስኪሻለው።"

"ካልተሻለውስ?"

"ያኔ ደግሞ እስከ አርባው።"

አርባ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ተጨንቆ ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። "እንደዚያ የሚባል ፈቃድ የለንም" አለ በመጨረሻ። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ወይንሸት ደግሞ "ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተሽ አንኮበር ሳትደርሺ ልትመለሺ ትችያለሽ፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው" አለችኝ። አባቴን በሕይወት ማየቴንም ሳላየው መቅረቴንም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌላ ምንም ማሰብ አቃተኝ።

እሑድ ደወልኩ። "ደህና ነኝ" አለ። "ደህና ነኝ" አልኩ። ድምፁ ቀጥኗል።

"ራሄልንስ?" አለኝ። "አሁንስ ብታገኚያት ጥሩ ነበር።"

"አገኘኋት" አልኩ።

ዋሸሁ። ንስሐም አልገባሁበትም። ግድግዳውን ሙሉ አንብቤ ጨርሼዋለሁ፣ ራሄል የለችም። የሎርናን መልስ ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ትክክለኛውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ግን የመሬቱ ባለቤት ከመጣ ራሄል ቤቱን መልቀቅ አለባት፣ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። እኔ ታሪኩ እንዲያልቅ አልፈለግሁም። አባቴ እሑድን እየጠበቀ እንዲቆይልኝ ነበር የፈለግሁት።

"ማነው ያንኳኳው ታዲያ?" አለ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁት፤ ቀና ብሎ ነው።

"ጎረቤቷ ናት። እሳቷ ጠፍቶባት ፍም ልትጭር ገል ይዛ መጣች።"

እኛ ሰፈር በምሽት በር የምታንኳኳ ጎረቤት ሌላ ምን ፈልጋ ትመጣለች? አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

አባቴ "እሳት ልትጭር" አለ።

"አዎ።"

"መልካም። ከዚያስ?"

ከዚያ ወዲያ "ከዚያስ" ሳይለኝ ያለፈ እሑድ የለም። ሳምንቱን ሙሉ አንሶላ እየቀየርኩ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አስባለሁ። መጀመሪያ ካነበብኳቸው መጻሕፍት እየቆነጠርኩ ነበር የምነግረው፤ የበረዶ ማዕበል፣ የጠፋች ላም፣ የክፉ ባለሱቅ ነገር። ያ ሲያልቅብኝ ራሄል ከተማ ወርዳ መንገደኞች ማደሪያ ውስጥ ሥራ ያዘች። አንሶላ ታጥባለች፣ ወለል ትወለውላለች።

"ስትበላ ከማን ጋር ነው የምትበላው?" አለኝ አባቴ አንድ ቀን።

"ብቻዋን።"

"ተቀምጣ?"

"አንዳንዴ ቆማ።"

"ቆማ!" አለ። "መጽሐፉ ይሄንንም ጽፎታል?"

"ጽፎታል።"

"ዝርዝር የሚወድ ደራሲ ነው። በአገሯ ቋንቋ የሚያናግራት ሰው የለም?"

"ከበሬዋ ጋር ታወራለች።"

"በሬው ምን ይላታል?"

"ያዳምጣታል።"

የኔ በሬ የሞቴሉ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ሲሽከረከር ደስ የሚል ድምፅ ስላለው በአማርኛ አወራዋለሁ፤ አንዳንዴም እሰድበዋለሁ። ሌላ ጊዜ አባቴ "ለፋሲካ ምን አደረገች?" ብሎ ጠየቀኝ። ራሄል ዶሮ ሠራች፣ ወጡ የበዛ ሆነባት፣ ለማን እንደምትሰጠው ስታስብ ቀዘቀዘ ብዬ ነገርኩት። "እንኳን አደረሰሽ ያላት የለም?" "የለም።" "እሷስ ለማን አለች?" "ለመንገደኞቹ ተናገረች፤ አልገባቸውም፣ ግን አመሰገኗት።" አባቴ ስቆ ሳል ያዘው። ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ እፎይ አልኩ፤ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር የተነሣልኝ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብዬ አላሰብኩበትም።

ባለፈው መጋቢት ታመምኩ። ትኩሳቱ ከአልጋ ጣለኝ። ውኃው ከአልጋው ጥቂት እርምጃ ይርቃል፣ ተነሥቼ ልቅዳ ስል ክፍሉ ይዞራል፤ መልሼ እተኛለሁ። ውጭ የጭነት መኪኖች ያልፋሉ። እንደዚያ ሆኜ እሞት ይሆናል ብዬ አልፈራሁም፤ ብሞት ማን በሩን ይከፍታል ብዬ ነው የፈራሁት። እሑድ ሲደርስ ትንሽ ተሽሎኝ ስለነበር ድምፄን አጥርቼ ደወልኩ።

"ደህና ነኝ" አልኩ።

"ደህና ነኝ" አለ፤ ቃሉን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። "ራሄልስ ሰነበተች?"

"ታመመች" አልኩት። ትኩሳቱን ነገርኩት፣ ውኃው እንዴት እንደራቃት፣ ጋሪዎቹ በደጇ ሲያልፉ ድምፃቸውን እንዴት ትሰማ እንደነበር። እየነገርኩት ድምፄ ከዳኝ።

"አባዬ፣ አለህ?"

"አለሁ።" ቀጥሎም "ያቺ እሳት ልትጭር የመጣችው ጎረቤት የት ሄደች?" አለኝ።

"መጽሐፉ አይናገርም።"

"አልመጣችማ፣ ምን ብሎ ይናገራል" አለ። "ጎረቤቱ በግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል እኮ ነው የሚለው። ፍም በገል ይዞ፣ በዚያ ነፋስ፣ የግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድ ማን አለ? እኔ እኮ መጽሐፉን በቃሌ ነው የማውቀው ልጄ።"

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ያኔውኑ፣ ገና ስትጀምሪው።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ?"

"አንቺ ደህና ነኝ ትዪኛለሽ፣ ሌላ ምንም አትነግሪኝም" አለ። "ራሄል ግን ትነግረኝ ነበር።"

ማልቀስ ጀመርኩ። በስልክ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ አይዞሽም አላለኝ።

"አሁን መጽሐፉን ተይው" አለኝ። "አንቺን ልጠይቅሽ። ታመሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ውኃ ያቀበለሽ ሰው አለ?"

"የለም አባዬ።"

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

በረጅሙ ተነፈሰ። መጠየቁን ፈራሁት፤ ግን ጠየቅሁት።

"አንተስ? ደህና ነህ?"

ወይንሸት አጠገቡ እንዳለች ያወቅሁት ነጠላዋ ማይኩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ነው።

"አይ" አለ። "ደህና አይደለሁም።"

ትመጫለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም እመጣለሁ አላልኩም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ልነግረው አልፈለግሁም። እዚያ የበልግ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

"ይሰማሻል?" አለኝ።

"ይሰማኛል።"

"እንግዲያው አትዝጊው።"

አልዘጋሁትም።